ከባንኩ ደረጃ በስተ ቀኝ

ያን ዕለት ጠዋት ማን የት ቆሞ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ግንበኛው ሙሴ ያኒ በተወጠረው ገመድ ጫፍ፣ መዶሻውን በብብቱ ሸጉጦ። የከተማው ሹም ባላምባራሱ ከበቅሏቸው ወርደው ከግራሩ ጥላ ሥር። መምሬ ከእሳቸው ትንሽ ፈንጠር ብለው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው። የቀን ሠራተኞቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ከኖራው ጉድጓድ ወዲያ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በአጥራችን በር፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ከጎኗ። አባቴ ከባቡር ጣቢያ ተጠርቶ በሩጫ ስለ መጣ እያለከለከ ከሠራተኞቹ ፊት። ገመዱ ላይ የቆመችው እናቴ ብቻ ነበረች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ገመዱን በሁለት እግሮቿ መካከል አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ጣቢያው መልሳለች። ዶማውን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ልጅ ነበርኩ፤ የወተት ጥርሶቼ መውለቅ የጀመሩበት ወቅት ነው። ከተማችን ናዝሬት የተባለችው ኋላ ነው፤ እኛ አዳማ ነበር የምንላት። ጣቢያው፣ የዓረቦችና የግሪኮች ጥቂት ቆርቆሮ ክዳን ሱቆች፣ የቀረው ሳር ቤትና የቁልቋል አጥር ነበር። ባቡሩ ሲገባ የቤታችን ምሰሶ ይንቀጠቀጣል። ጭሱ በግቢያችን ላይ አልፎ ስለሚሄድ፣ ልብስ ተሰጥቶ ከሆነ እናቴ ፉጨቱን እንደ ሰማች ሮጣ ታነሣዋለች። ከአርሲ በግመልና በአህያ የወረደው እህልና ቆዳ በጣቢያው ደጅ ይከመር ነበር። አቧራ፣ ቆዳና የባቡር ጭስ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡትን ሽታ የዚያን ዘመን የአዳማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ልጆች ከሐዲዱ ዳር ጠጠር ለቅመን ቅልቦሽ እንጫወታለን፤ የጣቢያው ዘበኛ ሲያባርረን በቁልቋሉ መካከል ሮጠን እንገባለን፤ ማታ እናቶቻችን እሾሁን ከእግራችን ይነቅላሉ።

ቤታችን ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ነበር። አባቴ የባቡሩን ጋን ውኃ ከሚሞሉት ሰዎች አንዱ ነው። ሥራው አንዳንዴ ወደ አዋሽ ይወስደውና ወራት ይቆያል። ታናሽ እኅቴ የተወለደችው እንዲህ በሄደበት ጊዜ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ስለ ተወለደች በቤት ዘነበች አልናት። አባቴ መወለዷን በሰሙ ባቡረኞች በኩል ነጭ ልብስ ላከላት፤ ክርስትና ስትነሣ እንድትለብሰው፣ እሱም በሰማንያ ቀኗ እንደሚደርስ አስነገረ። ልብሱ ለእሷ ሰፊ ነበር። እናቴ በጥላ ሥር ዘርግታ ስታየው አስታውሳለሁ።

ዘነበች ቀኗ ሳይደርስ ታመመች። ልጅ ሲታመም ቀኑን ሳይጠብቁ ክርስትና ማስነሣት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ለከተማው ያሉት አንድ ቄስ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ያን ሰሞን ለንግሥ ዝቋላ ወጥተዋል። እናቴ ሰው ላከችባቸው። መምሬ የተመለሱት ሕፃኗ ካረፈች በኋላ ነው። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፤ የዘመኑ ሥርዓት ይህ ነበር፤ እናቴም አልተከራከረችም። ከጎተራችን ኋላ አዴ ፋጡማ ቆፈረች፤ እናቴ ይዛት ወረደች። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲመጣ እንድናገር ታዘዝኩ። ማንም አልመጣም። ሲጨርሱ አዴ ፋጡማ እጇን ታጥባ ራሴን ዳበሰችና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያየሽው ከሆድሽ ይደር» አለችኝ። እናቴ ምንም አላለችኝም። እሷ ክፉ ነገር ሲደርስባት የምትለው አንድ ቃል ነበር፤ ሆድ ይቻለው። ያን ቀን ግን እሱንም አላለችው።

አባቴ ሲመለስ እናቴ ደጅ ወጥታ ተቀበለችው። የነገረችው አጭር ነበር፤ መምሬ ደርሰውላታል፣ ክርስትና ተነሥታለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ከወይራው ዘንድ አርፋለች። ለምን እንዲህ እንዳለችው ያን ጊዜ አልገባኝም። አድጌ ሳስበው፣ ልብሱን የላከ ሰው ፊት ሌላ የምትለው እንዳልነበራት ገባኝ። አባቴ በማግስቱ መምሬ ዘንድ ሄዶ እጅ ነሥቶ አመሰገናቸው። መምሬ ትክ ብለው አዩትና «እግዜር ያጽናህ» አሉት። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ አባቴ ወደ ወይራው ይሄዳል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ይቆማል። እናቴ ከበሩ ላይ ትጠብቀዋለች። እኔ እጇን ይዤ እጠብቃለሁ። እጇ ይቀዘቅዝ ነበር።

የባንኩ ወሬ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነጋዴው ጠገራ ብሩን በጆንያ ጭኖ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ እንዲቀር፣ በጣቢያው ፊት የድንጋይ ቤት ሊሠራ ነው ተባለ። ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ በባቡር መጣ። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ኖራ የነካው ሰው ነበር። አማርኛውን ከሴቶች ነው የተማረው ይባላል፤ ወንድ ሴት ሳይለይ ሰውን ሁሉ «አንቺ» ይላል። ባላምባራሱን እንኳ በመጀመሪያው ቀን «አንቺ ደህና አደርሽ?» ብሏቸው ሠራተኛው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ፤ እሳቸው ግን «ደህና» ብለው አለፉ።

ሙሴ ያኒ ቤቱን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አሳየን። በወረቀት ላይ የቆመ ቤት አይተን አናውቅምና ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ አየ። በሩ ከመካከል ነው፤ ወደሱ የሚያወጣ ሰፊ ደረጃ አለው። በግራ ሁለት መስኮት፣ በቀኝ ሁለት መስኮት፤ ከእያንዳንዱ በላይ ክብ የድንጋይ ቅስት። አንዱን ወገን አጥፎ በሌላው ላይ ቢያስተኙት ልክ ይገጥም ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ለረጅም ጊዜ አይተው፣ ይህ ቤት ፊት አለው፣ እንደ ሰው ያያል አሉ።

ይህ ፊት ያለው ቤት የሚያርፈው በእኛና በሁለት ጎረቤቶቻችን ግቢ ላይ ነበር። ምትክ ቦታ ተሰጠን። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። እናቴ ግን አንድ እንስራ እንኳ ከቦታዋ አላነሣችም። ሙሴ ያኒ ችካሎቹን ተክሎ ገመዱን ሲወጥር፣ የፊተኛው ግድግዳ መስመር ከጎተራችን ኋላ በዘነበች ላይ አለፈ። እናቴ ከቤት ወጥታ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ያ ችካል ተነቅሎ ተገኘ። ገመዱ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል። ሙሴ ያኒ ተቆጥቶ እንደ ገና ተከለው፤ በሚቀጥለውም ጠዋት እንዲሁ ሆነ። እናቴ ጎህ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንደምትነቅለው እኔና አዴ ፋጡማ እናውቃለን። ሠራተኞቹ ጅብ ነው አሉ። አንዱ፣ ጅብ ገመድ መጠቅለል ከማን ተማረ ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ቦታው አልወደደንም፣ ደም ይፈልጋል ተባለ።

በእኛ አገር መሠረት ያለ ደም አይቆፈርም፤ ይህን ሙሴ ያኒም ያውቃል። በግ ገዛ። ከሠራተኞቹ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ እስላም ስለ ነበሩ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሁለተኛ በግ ገዛ። አሁን ደግሞ የማን ቢላዋ ይቅደም የሚል ክርክር ተነሣ፤ መጀመሪያ የፈሰሰው ደም ነው ቤቱን የሚይዘው ባዮች ነበሩ። እስከ ቀትር ተከራከሩ። ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን መሬት ላይ ጥሎ «አንቺ ሁሉ! ባንክ ልሥራ ወይስ ሉካንዳ?» አለ። በመጨረሻ ሁለቱ ቢላዋዎች እኩል ወረዱ። ሁሉም በየወገኑ በላ። በማግስቱ ችካሉ ተነቅሎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ነበር። አፈሩ በግ ንቋል፣ በሬ ነው የሚሻው ማለት ጀመሩ።

አባቴ የጠረጠረው ሌላ ነው። እናቴ ዕቃ አለማንሣቷን አየ፤ ምትክ የተሰጠን ቦታ ከገበያው ወዲያ ቁልቋል ውስጥ ስለ ሆነ ቅር ብሏት ነው ብሎ አመነ። አንድ ጋን ማር ይዞ ባላምባራሱ ዘንድ ደጅ ጠና። ውኃ የቀረበው፣ ከመንገዱ ማዕዘን ያለው ቦታ ተሰጠው። ደስ ብሎት መጥቶ ሲነግራት እናቴ ጤፍ ታበጥር ነበር። «እግዜር ይስጥህ» አለችና ማበጠሯን ቀጠለች። ደስታው ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ሴት ልጅ ምን ቢሰጧት ልቧ እንደሚሞላ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ አዴ ፋጡማንም ጠየቃት። እሷ አንገቷን አቀርቅራ የማታውቅ መሰለች።

እናቴ የገባችበትን አጣብቂኝ ልጅ ብሆንም አውቀው ነበር። ዝም ካለች ዶማው ዘነበችን ያወጣታል። ከተናገረች አባቴ የሚቆምበት ወይራ ባዶ ይሆናል፤ ልጅቷ ክርስትና እንዳልተነሣች በአደባባይ ይሰማል። ችካል እየነቀለች ቀኑን ገፋች። ቀኑ ግን ደረሰ፤ ባላምባራሱ ዛሬ ይቆፈር ብለው አዘዙ። ሠራተኞቹ ዶማቸውን ይዘው ሲመጡ እናቴ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሄዳ ገመዱ ላይ ቆመች።

ባላምባራሱ መጀመሪያ በደህና ነበር የጠየቋት። ምትክ አልተሰጣችሁም ወይ፣ ባልሽ የለመነውስ አልተፈጸመለትም ወይ፣ ምን ጎደለሽ አሏት።

«ምንም አልጎደለብኝም፣ ጌታዬ» አለች።

«ታዲያ ከዚያ ላይ ውረጂ።»

አባቴን አየችው። ለረጅም ጊዜ ያየችው መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሣ፣ ለባላምባራሱ በሚሰማ ድምፅ «ከእግሬ ሥር ሰው አለ» አለች።

ሠራተኞቹ ወደ ኋላ አሉ። ባላምባራሱ ከጥላው ወጡ። «ማን ነው የገደለው?» አሉ፤ እንዲህ ማሰባቸው አያስገርምም፣ ሹም ናቸው።

«ማንም አልገደላትም። ልጄ ናት። ክርስትና አልተነሣችም።»

አባቴ መምሬን ተመለከተ። እኔም ተመለከትኳቸው፤ ሁላችንም ተመለከትናቸው። መምሬ አገጫቸውን ከመቋሚያው አነሡ። «ዝቋላ ነበርኩ» አሉ።

አዴ ፋጡማ ቀሚሷን ከእጄ አስለቅቃ ሄደች። ከእናቴ ጎን ገመዱ ላይ ቆማ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከዚያ ባላምባራሱ እንዲሰሙ በአማርኛ «እኔ ነኝ የቆፈርኩት» አለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆሙ። አባቴ ከሠራተኞቹ ፊት ወጥቶ ወደነሱ መጣ። ይመታታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ መትቷት ግን አያውቅም። ፊቷ ሲደርስ ቆመ።

«ነጩ ልብስስ?» አላት።

«ለብሳዋለች።»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

ባላምባራሱ ቸር ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ትእዛዝ ነበረባቸው። መንገዱ ከጣቢያው ጀምሮ ተለክቷል፤ ቤቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አይሄድም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አጥንቷ በክብር ይነሣና ሌላ ቦታ ይረፍ አሉ። የት እንደሚያርፍ ግን እሳቸውም አልተናገሩም፤ መምሬም አልተናገሩም። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ» አለች።

ከጣቢያው የቆመ ባቡር ይተነፍስ ነበር። ሙሴ ያኒ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ በገመዱ አጠገብ መጣና እናቴ እግር ሥር ቁጢጥ አለ። ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ጠየቃት። እናቴ ጎንበስ ብላ በእጇ አሳየችው፤ ከአንድ ክንድ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። እሱም በጣቱ አቧራው ላይ ከአንዱ ወገን ተነሥቶ በላይዋ ዞሮ በሌላው ወገን የሚያርፍ መስመር ሣለ።

«ድንጋይ መዝለል ታውቃለች» አለ። «እዚህ ትነሣለች፣ እዚህ ታርፋለች። እሷን አትነካም።»

ባላምባራሱ ቀርበው ሥዕሉን አዩ። በባዶ ላይ የቆመ ግንብ ቢወድቅስ አሉ። ሙሴ ያኒ፣ ግንቡ ሁሉ ይወድቅና ቅስቱ ይቀራል ብሎ መለሰ፤ በአገሩ እንዲህ ሆኖ የቀረ ስንት አለ አለ። ከዚያ ግን ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ተመለከተ። በሥራው ላይ የደረሰበት ነገር እንዳሳዘነው ለልጅም ይታይ ነበር። በመጨረሻ፣ ይህ ቅስት ከደረጃው በቀኝ ብቻ ቢደረግ ቤቷ አንድ ዓይና ትሆናለች፣ አንድ ዓይና ቤት አልሠራም፣ በግራም እኩያዋን እሠራለሁ አለ። ባላምባራሱ ለሁለተኛው ድንጋይ ማን ይከፍላል ሳይሉ በቅሏቸው ላይ ወጡ። እናቴ ከገመዱ ወረደች። ዕቃችን የዚያኑ ቀን ተጫነ።

የባንኩን ቤት አሠራር ከዚያ በኋላ ከሥር እስከ ጣሪያው አየሁት። ድንጋዩ ከኮረብታው በበሬ ይጎተት ነበር፤ ግማሹ አመድማ፣ ግማሹ የሸክላ መልክ ያለው። ጠራቢዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ከሩቅ ሲሰማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ፍንካቹን ለቅልቦሽ እንሻማበታለን፤ የሐዲዱን ጠጠር ተውነው። ኖራው በጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ሲገባበት እንደ ድስት ይፈላል፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ለዚያ ኖራ ውኃ የምታቀርበው እናቴ ነበረች። ለሰው ተቀጥራ የማታውቅ ሴት ሙሴ ያኒን ሥራ ጠየቀችው፤ እሱም ለምን ሳይል ሰጣት። ከአዲሱ ቤታችን በእንስራ እያመላለሰች በቀኝ ያለው ዝቅተኛ ቅስት እስኪገጠም ሠራች። ሙሴ ያኒ በእንጨት ቅርጽ ላይ ድንጋዮቹን ከሁለት ወገን ደርድሮ፣ የመካከለኛዋን ድንጋይ በራሱ እጅ ነው ያስገባት። እንጨቱ ሲወጣ ድንጋዩ ቆመ። ከሥሩ ያልተነካ አፈር ነበር። እናቴ እንስራዋን አንሥታ ወደ ቤት ሄደች፤ በማግስቱ ለሥራ አልመጣችም።

አባቴ ስለዚያ ጠዋት በቤታችን ሲናገር አልሰማሁም። አልወቀሳትም፤ አልጠየቃትምም። አንድ እሑድ ግን ከቅዳሴ ሲወጣ ወደ ወይራው ሳይዞር አለፈ። በር ላይ ወደ ቆምነው ወደ እኛ መጣና ሦስታችን በጣቢያው መንገድ ሄድን። ጣሪያው ገና ያልለበሰው ባንክ ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳያወልቅ አላለፈም። ምክንያቱን የማያውቁ አዲስ ገቦች ይስቁበት ነበር፤ ሰው ደብር ይሳለማል፣ ይህ ሰውዬ ባንክ ይሳለማል ይሉታል። በገበያ ላይ ሲያገኙት፣ ስንት አስቀምጠህበት ነው እያሉ ይነካኩታል። እሱ ፈገግ ይልና ያልፋል። መምሬ ከዚያ ዓመት ወዲህ ለንግሥ ከከተማ ወጥተው አያውቁም።

ባንኩ የተከፈተ ዕለት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ እንግዶች ከአዲስ አበባ በባቡር መጡ። በጅቡቲ በኩል የመጣው ትልቅ በር ተከፈተ፤ የመስኮቶቹ ብረት በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። ሁሉም ሽቅብ ያያል፤ ቅስቱን፣ ዓምዱን፣ ቀዩን ጣሪያ ያደንቃል። ከደረጃው ግራና ቀኝ፣ ከመሬት ብዙ ከፍ የማይሉትን ሁለት ትናንሽ ቅስቶች ያየ ያለ አይመስለኝም። እናቴ ንግግሩ መካከል ላይ እኔን ይዛ በሰው ኋላ ዞረች። በስተ ቀኝ ያለው ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ የመካከለኛዋን ድንጋይ በመዳፏ ነካችው፤ ትኩስ እንደ ሆነ የምታይ መሰለች። ከዚያ «ነይ እንሂድ» አለችኝ።

ብዙ ጊዜ አለፈ። ጣሊያን ገባ፣ ወጣ፤ ቤቱ አንድ ጊዜ የእህል መጋዘን፣ አንድ ጊዜ የወታደር ማደሪያ ሆኖ እንደ ገና ባንክ ሆነ። እኔ አድጌ አዲስ አበባ ተማርኩ፣ ተመልሼም በዚህችው ከተማ ልጆቼን አሳደግሁ። አዴ ፋጡማ እናቴን አስቀብራ በዓመቷ ተከተለቻት። አባቴ ከወይራው ዘንድ ተቀበረ፤ ቦታውን ሳይሞት ራሱ ነበር የመረጠው። ሙሴ ያኒ የት እንደ ሞተ አላውቅም። በዚያ ጠዋት ከቆሙት ሰዎች የቀረሁ እኔ ብቻ እሆናለሁ።

አዳማም አሁን ሌላ ናት። የቁልቋል አጥር ለማግኘት ከከተማ መውጣት ያስፈልጋል። በጣቢያው መንገድ ጋሪውና መኪናው ይጋፋል፤ የሻሸመኔና የአርሲ ነገሌ አውቶቡሶች ጡሩምባ ባቡሩን አስረስቶናል። በባንኩ ፊት የቆሙት አዲስ ሕንፃዎች ከሱ ሦስት እጥፍ ይረዝማሉ፤ ሲሠሩ ግን በግ ሲታረድ፣ ሰውም ተሰብስቦ ሲከራከር አላየሁም። ያን ጊዜ አንድ ግድግዳ ለማቆም ሰው ሁሉ ያገባው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ ታጥሮ ይውላል፤ ሲነሣ ቤት ቆሟል። ሁለቱ ዝቅተኛ ቅስቶች ግን እስከ ዛሬ አሉ። በአንዱ ውስጥ ሊስትሮዎች ሣጥናቸውን ያሳድራሉ፤ በሌላው ውስጥ ዘበኛው ከዝናብ ይጠለላል። አንዳንዱ የእስር ቤት ቀዳዳ ነበር ይላል፤ አንዳንዱ ብር በሥውር የሚወጣበት ነበር ይላል። እኔ ሲሉ እሰማለሁ።

ባለፈው ወር በዚያ ሳልፍ ቤቱ ዙሪያውን መወጣጫ እንጨት ተሰቅሎለት አየሁ። ጥገና ነው። ጥላ ሥር አረፍ ብዬ ሳይ፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ወንበር አስመጣልኝ። ትሑት ልጅ ነው። ስለ ቤቱ የሚያውቁት አለ ወይ እማማ ብሎ ጠየቀኝ። ሲሠራ ልጅ ነበርኩ አልኩት። ደስ ብሎት ወደ ሁለቱ ቅስቶች አመለከተኝ። ግድግዳው ያለነሱም ይቆም ነበር፣ ለጌጥም ዝቅ ብለዋል፣ ምሥጢራቸው አልገባንም አለ። ለመብራቱ መሣሪያ ቦታ ስለሚፈልጉ አንደኛውን ቆፍረው መሠረቱን በሲሚንቶ ሊሞሉት ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ የቱም ቢሆን ግድ አይሰጠንም አለኝ። ከዚያ እንደ መጫወት ብሎ «እርስዎ ይምረጡልን እንጂ እማማ» አለ።

«የግራውን» አልኩት።

ሣቀ። «ለምን የግራውን?»

ጃንጥላዬን አንሥቼ ሄድኩ።